ርካሽ ስማርት ሰዓት ለጤናና ለስፖርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እጄ ላይ ያለውን ባንድ ያየ ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሚጠይቀኝ። «ጥሩ ነው? ስንት ነው? ግፊት ይለካል?» በቴሌግራም የሚደርሰኝም ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ሻጭ አይደለሁም፤ ሐኪምም አይደለሁም። ጠዋት ጠዋት የምሮጥ፣ በዚሁ ዕቃ አንዴ ተሸውጄ የተማርኩ ሰው ነኝ።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ሰዓት በደንብ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ የእጃችሁን እንቅስቃሴና የልብ ምታችሁን። ሌላው ወይ ከነዚህ ተነሥቶ የሚሰላ ግምት ነው፣ ወይ የካርቶን ማሳመሪያ።

ባንድ ልግዛ ወይስ ሰዓት?

ባንድ የሚባለው እንደ አምባር የሚታሰረው ቀጭኑ ነው። ሰዓት የሚባለው ሰፋ ያለ ስክሪን ያለው። ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ከሥር ያለው ሴንሰር ብዙም አይለያይም። ለሰዓቱ ተጨማሪ የምትከፍሉት ለሰፊው ስክሪን፣ በብሉቱዝ ስልክ ለማውራት፣ አንዳንዴ ደግሞ ለጂፒኤስ (የት እንዳላችሁና ምን ያህል እንደሮጣችሁ በሳተላይት ለሚያውቀው) ነው።

ለጤና ክትትል ብቻ ከሆነ ባንድ ይበቃል። ቀላል ስለሆነ ስትተኙም አይቆረቁርም። ትልቁ ሰዓት ግን ማታ ማታ ወልቆ ኮመዲኖ ላይ ያድራል፤ የወለቀ ሰዓት ደግሞ ምንም አይለካም። የቅርብ ጽሑፍ ለማንበብ መነጽር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ያለ ክርክር ሰፊውን ግዙ።

በስንት ብር ደህና ነገር አገኛለሁ?

የብር ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ባለፈው ወር የጻፍኩት ዋጋ በዚህ ወር መሳቂያ ያደርገኛል። በውጭ ገንዘብ ልንገራችሁና እናንተ አባዙት። የሻኦሚ ስማርት ባንድ 9 አውሮፓ ውስጥ ሲወጣ 40 ዩሮ ገደማ ነበር። የሳምሰንግ ጋላክሲ ፊት 3 አሜሪካ ገበያ ሲገባ 60 ዶላር፣ አማዝፊት ቢፕ 6 ደግሞ 80 ዶላር። ለማነጻጸር ያህል፣ ከአፕል ዋች ሰዓቶች መካከል ርካሽ የሚባለው ኤስኢ 249 ዶላር ነው። እዚህ ሲደርስ ቀረጡም፣ ማመላለሻውም፣ የነጋዴው ትርፍም ይጨመርበታል።

እኔ «ርካሽ» የምለው እስከ 80 ዶላር ያለውን ነው። ያለፈውን ዓመት ሞዴል መግዛትም አያሳፍርም። እርምጃና የልብ ምት ለመቁጠር በባንድ 8ና በባንድ 9 መካከል ያን ያህል የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም።

የልብ ምቴን እንዴት ነው የሚያውቀው? ልመነው?

ሰዓቱን ገልብጣችሁ ከሥሩ የሚበራውን አረንጓዴ መብራት ተመልክታችኋል? ሥራው የእሱ ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ልብ በመታች ቁጥር አንጓችሁ ላይ ያለው ደም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም አብሮት ይዋዥቃል። ሰዓቱ ያንን መዋዠቅ ይቆጥራል።

ቁጭ ስትሉና ስትተኙ ደህና የሚባል ባንድ ጥሩ ይቆጥራል። ችግሩ ሩጫ ላይ ነው። እጅ ሲወዛወዝ ሰዓቱ ቆዳ ላይ ይንሸራተታል፣ ብርሃንም ይገባበታል። አንዳንዴም የልብ ምት ነው ብሎ የእግራችሁን ምት ይቆጥራል። ብዙ ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ይረግጣል። በዝግታ እየሮጣችሁ፣ ከጓደኛ ጋር እያወራችሁ፣ ሰዓቱ 172 ካላችሁ ልባችሁን ሳይሆን ጫማችሁን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። እኔ እንጦጦ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ያውም በብርድ። ብርድ ሲሆን የእጅ የደም ሥር ይጠባል፣ ሰዓቱም ይቸገራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ወደ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ስትሮጡ አንድ ቀዳዳ ጠበቅ፣ ስትጨርሱ ላላ። ሴንሰሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ንቅሳት ካለ ቀለሙ ብርሃኑን ስለሚያግድ በሌላኛው እጅ ሞክሩ። ፈጠን ዘግየት እያላችሁ በምት ልክ የምትሠለጥኑ ከሆነ ደግሞ ደረት ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ግዙ። እሱ የሚያነበው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሆነ የእጅ መወዛወዝ አያታልለውም።

አንዱን ቀን ቁጥር ይዛችሁ አትጨነቁ። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ ስፖርተኛ ሰው ከዚያም ይወርዳል። የሚጠቅመው የራሳችሁን የጠዋት ቁጥር ለወራት ማየት ነው። የእኔ ጉንፋን ሊይዘኝ ሲል ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ ከጉሮሮዬ በፊት ባንዱ ይነግረኛል።

ግፊት ይለካል የሚሉትስ?

እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስም የሌለው ሰዓት ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። «ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ሁሉም አለው» አለኝ ልጁ። እውነትም ሁሉም አለው። ቤት ገብቼ ለካሁ፤ 118 በ76። ጥሩ። ወንድሜን ለካሁት፤ 119 በ77። ደስ አለን። ቀጥሎ እማዬን። እማዬ የግፊት መድኃኒት ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል፤ ያን ሳምንት ደግሞ መድኃኒቷ አልቆባት ነበር። 118 በ78! «አየህ፣ ድሮም መድኃኒቱ አያስፈልገኝም ብዬህ ነበር» አለች። ደነገጥኩ። ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስለካት ላዩ ከ160 በላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግፊት የሚለካው የደም ሥሩን በአየር በተሞላ ጨርቅ ተጭኖ፣ ቀስ እያሉ በመልቀቅ ነው። ብርሃን ብቻ የሚያበራ ርካሽ ሰዓት የሚጫን ነገር የለውም። ከልብ ምታችሁና ከመዘገባችሁት ዕድሜና ክብደት ተነሥቶ «ጤነኛ» የሚመስል ቁጥር ይሰጣችኋል። ውድ የሆኑት የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋቾች እንኳ ግፊት ለመገመት በየአራት ሳምንቱ ከእውነተኛ መለኪያ ጋር እንዲስተካከሉ ይጠይቃሉ። ሁዋዌ ዋች ዲ የሚባለው ማሰሪያው ውስጥ የሚነፋ ትንሽ ከረጢት አለው። እሱ በእርግጥ ይጫናል፤ ዋጋው ግን እኛ ከምናወራው ውጭ ነው።

ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ለሰዓት ያሰባችሁትን ገንዘብ ክንድ ላይ ለሚታሰረው ዲጂታል መለኪያ አውሉት። ከፋርማሲና ከሕክምና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። እማዬ አሁን እሱ አላት። ሰዓቱንም አልጣለችውም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታስረዋለች።

ስኳርስ?

አይለካም። አበቃ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ ተናግሯል። ክንዳቸው ላይ ክብ ነገር ለጥፈው ስኳራቸውን ሰዓት ላይ የሚያዩ ሰዎች አይታችሁ ከሆነ፣ የሚለካው የተለጠፈው ነው፤ ቆዳ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ክር አለው። ሰዓቱ ማሳያ ብቻ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሰዓት ቁጥር አይቶ ኢንሱሊን ቢጨምር ወይም ቢተው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ለዘመድ ስጦታ ስትልኩ ይህን አስታውሱ፤ በተለይ ከአረብ አገር የምትልኩ እህቶች፣ በፍቅር የምትልኩት ዕቃ ነውና።

ኦክስጅኔ 92 አለኝ። ልደንግጥ?

ቀስ በሉ። የደም ኦክስጅን የሚገመተው በቀይና በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ማሰሪያው ከላላ ቁጥሩ ይወርዳል። በደንብ አስራችሁ፣ እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ድገሙት።

ሁለተኛ፣ የምትኖሩበት ከፍታ አለ። አፑ «ከ95 በላይ ጤናማ ነው» የሚለው ባሕር ዳርቻ ያለውን ሰው አስቦ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ። እዚህ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያይ የሚገርም አይደለም። ሆኖም ሰው ይለያያል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ሲለካ የደም ኦክስጅናቸው በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቆላ ካለ ሰው የማይለይ ማለት ነው። የደገኛ ሰውነት እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክስጅን ማነስን የመሳት ዕድሉ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የሆስፒታሉ ዕቃ እንዲህ ከሆነ፣ ከ50 ዶላሩ ባንድ ምን እንጠብቃለን? ትንፋሽ አጥሯችሁ፣ ከንፈራችሁ ጠቁሮ ሰዓቱ 97 ቢላችሁ ሰዓቱን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

10,000 እርምጃ የግድ ነው?

አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ከሐኪም ሳይሆን ከማስታወቂያ ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጃፓኖችን ለስፖርት አነሣሥቶ ነበር። በዓመቱ፣ በ1965፣ ያማሳ የተባለ የሰዓት ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ አወጣ። ስሙን «ማንፖ ኬይ» አለው፤ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩ ደስ ስለሚል ዓለም ይዞት ቀረ። በ2019 የታተመ፣ በአማካይ 72 ዓመት የሞላቸው ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚሄዱት እንኳ ትንሽ ከሚንቀሳቀሱት ያነሰ የሞት አደጋ እንዳላቸው፣ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይቷል። እናንተ አሁን 3,000 ላይ ከሆናችሁ ግቡን 5,000 አድርጉት።

ደግሞ ቆጠራው እጅን እንጂ እግርን አያይም። ቡና ስትወቅጡ ይቆጥራል። ልብስ በእጅ ስታጥቡ ይቆጥራል። ሠርግ ላይ እስክስታ ወርዳችሁ የምታገኙትን አልነግራችሁም። በተቃራኒው ዘንቢል ይዛችሁ ከገበያ ስትመለሱ እጃችሁ ስለማይወዛወዝ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታችሁ ግማሹን ላይቆጥርላችሁ ይችላል። ግፍ ነው።

እኔ ከእርምጃ ይልቅ ደቂቃ እመርጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ማለት ነው።

የካሎሪው ቁጥርስ?

ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። «350 ካሎሪ አቃጥያለሁ» ብላችሁ ተጨማሪ እንጀራ አትዘርጉ። ጾም ላይም ይሁን ፍስክ፣ ሰዓቱ የበላችሁትን አያውቅም።

የእንቅልፍ ውጤት 61 አለኝ፤ ደክሞኝ ግን አይደለም።

ታዲያ ሰውነታችሁን እመኑ። መቼ ተኝታችሁ መቼ እንደተነሣችሁ ደህና አድርጎ ይይዛል። «ጥልቅ እንቅልፍ»፣ «ሕልም» እያለ የሚከፋፍለው ግን ከእንቅስቃሴና ከልብ ምት የተገመተ ነው፤ እውነተኛው ምርመራ ራስ ላይ ሽቦ ለጥፎ የአንጎልን ሞገድ ያነባል።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ባንዱ እንደ ፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ማታ 4 ሰዓትን 22:00 ይላችኋል። አንዳንዱ የስልኩን ሰዓት በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶ በእኛ አቆጣጠር ሊያደርገው ይሞክራል። አትሞክሩት። የእንቅልፍ መዝገባችሁ ይዘበራረቃል፤ ሌሎች አፖችም ያስቸግሯችኋል። ስድስት መቀነስ ለምደነዋል።

ጂፒኤስ ያስፈልገኛል?

ስልካችሁን ይዛችሁ ከሮጣችሁ አያስፈልግም። ጂፒኤስ የሌለው ባንድ የስልኩን ይዋሳል። ስልኩን ቤት ትቶ መሮጥ ለሚፈልግ ግን በውስጡ ያለውን ይግዛ። ሻጭ «ጂፒኤስ አለው» ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የሻኦሚ ስማርት ባንድ 9 በውስጡ የለውም፤ 9 ፕሮ አለው። ቢፕ 6 አለው። ፊት 3 የለውም።

ለታላቁ ሩጫ የምትዘጋጁ ከሆነ፣ ርቀት በትክክል ማወቅ ያስደስታል። ውድድሩ ቀን ግን ሰዓታችሁ 10 ኪሎ ሜትሩን 10.3 ቢላችሁ አትከራከሩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ የሮጠ ሰው በእርግጥም ጨምሮ ሮጧል።

ሻወር ልግባበት?

«5 ኤቲኤም» (የ50 ሜትር ጥልቀት ጫና ማለት ነው) ከተጻፈበት በቀዝቃዛ ውሃ መዋኘት ይቻላል። 50 ሜትር ጠልቃችሁ ግቡ ማለት ግን አይደለም፤ ሳይንቀሳቀስ የሚችለው ጫና ነው። «አይፒ68» ብቻ የተጻፈበት፣ እንደ ቢፕ 5 ያለው፣ ለዝናብና ለእጅ መታጠቢያ ይሁንላችሁ። ሙቅ ውሃና እንፋሎት የሁሉም ጠላት ነው፤ ማሸጊያውን ያላላል። ፍልውሃ ስትገቡ አውልቁት። ቅቤ የተቀባ እጅም ሴንሰሩን ይጋርደዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት።

ከስልኬ ጋር ይሠራል? አማርኛ ያነባል?

አፕል ዋች ያለ አይፎን አይሠራም። ጋላክሲ ፊት 3 ደግሞ በተቃራኒው ከአይፎን ጋር አይሠራም። ሻኦሚ፣ ሁዋዌና አማዝፊት ከሁለቱም ጋር ይሠራሉ። የሁዋዌን አፕ በአንድሮይድ ስልክ ስትጭኑ ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን ከራሱ ከሁዋዌ ውሰዱት።

አማርኛው ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ርካሽ ባንድ ውስጥ ፊደላችን የለም፤ ከቤት የተላከ መልእክት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ጓደኛችሁ «ሰላም» ብሎ እንዲልክላችሁ አድርጉና እዩት። ሻጩ ካልፈቀደ መልሱን አውቃችኋል።

ኮፒ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አፕል ዋች አልትራ በ2022 ሲወጣ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። መርካቶ ላይ «አልትራ» ተብሎ በጥቂት ሺህ ብር የሚሸጠው እሱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለጌጥ ከሆነ ችግር የለውም፤ ለጤና ግን አትግዙት።

ብርቱካን ላይ ወይም ሶፍት ጥቅል ላይ አስራችሁ የልብ ምት ካሳየ ፌክ ነው የሚባል ፈተና አለ። ያዝናናል እንጂ አይፈርድም። ብርሃኑ ከማንኛውም ነገር ስለሚንጸባረቅ ኦርጂናሉም አንዳንዴ ለሶፍት ልብ ይሰጠዋል። የተሻለው ይህ ነው። አንገታችሁ ላይ ጣት አድርጋችሁ 30 ሴኮንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙ፤ ከሰዓቱ ጋር አስተያዩ። ከዚያ የሕንፃውን ደረጃ ሦስት ፎቅ ሮጣችሁ ውጡና ድገሙት። እውነተኛው አብሯችሁ ይወጣል፣ ስታርፉ አብሯችሁ ይወርዳል። ፌኩ 78 ላይ ቁጭ ይላል። የጥበቃው ሠራተኛ ቢገረም ይገረም።

ባትሪውስ?

መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። አፕል ዋች ኤስኢ 18 ሰዓት ነው የሚባልለት። ፊት 3 እስከ 13 ቀን፣ ባንድ 9 እስከ 21 ቀን ይባልላቸዋል። ሁሉንም ነገር ስታበሩበት ከተጻፈው ያነሰ ጠብቁ። ስክሪኑ ሁልጊዜ እንዲበራ ማድረግና ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ማስለካት ባትሪ ጨራሾች ናቸው፤ ሁለቱንም አጥፍቻቸዋለሁ።

ያገለገለ ወይም ከውጭ የተላከ ልቀበል?

ተቀበሉ፤ ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ከራሱ አካውንት ማላቀቁን። አፕል ዋች ካልተላቀቀ በእናንተ ስልክ አይከፈትም፤ ባንዶችም ከአሮጌው ስልክ ሳይነቀሉ ያስቸግራሉ። ላኪው ዲሲ ሆኖ እናንተ ጎንደር ሆናችሁ በስልክ «ሴቲንግ ውስጥ ግባ» እየተባባላችሁ ማምሸት አትፈልጉም። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩ። የእነዚህ ሰዓቶች ቻርጀር እንደ ስልክ አይደለም፣ ሞዴል በሞዴል ይለያያል። የባንድ 7 ቻርጀር ለባንድ 8 አይሆንም። እኔ ቻርጀር ጠፍቶብኝ ከሜክሲኮ እስከ መርካቶ ሁለት ቅዳሜ ዞሬያለሁ። አሁን ስገዛ ትርፍ ቻርጀር አብሬ እገዛለሁ።